የነጯ ፔጆ ውሃ
ሐይቅ ከተማ፣ የደሴ አውቶቡስ የሚቆምበት ዋርካ ሥር፣ ጧት ጧት ውሃ የሞላ ጀሪካን ታቅፎ የሚቀመጥ ሰው አለ። ሽርጡ አርጅቷል፣ ግን ንጹሕ ነው፤ ካፖርቱ ላይ የሞተር ዘይት ደርቋል። ፊቱ ወደ ደሴ ነው፤ ዓይኖቹ ግን ሐይቁ ላይ የተኛውን ጉም ተከትለው የሄዱ ይመስላሉ።

ነጭ ፔጆ ከአንድ ነጋዴ ላይ፣ ዋጋዋን በየወሩ ሊከፍል ተዋውሎ ወስዶ ነበር አሉ። ራዲያተሯ ውሃ ያፈስ ጀመር። ከአብዮቱ ወዲህ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ውሉ ሳያልቅ፣ ክፍያው አቅቶት፣ ሽማግሌ ፊት ቁልፉን መለሰ።

ፔጆዋ አሁን በሌላ ሾፌር እጅ ናት። ዋርካው ዘንድ ስትደርስ ትቆማለች፤ ሰውየው ኮፈኗን ከፍቶ ከጀሪካኑ ያጠጣታል።

«መልሰሃት የለም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«የሰው በቅሎስ ብትሆን፣ ተጠምታ በደጅህ ስታልፍ ዝም ትላለህ ወንድሜ?»

ዛሬ ፔጆዋ ሳትቆም አለፈች። ተነሥቶ የሄደችበትን መንገድ ጎንበስ ብሎ አየ፤ አንዲት ጠብታ የለም።

«አልሐምዱሊላህ፣ ድናለች» አለ።

ከዚያ ጀሪካኑን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ውሃውን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ መልሶ ሲያፈሰው አየሁት።