ራሷ ልትሄድ የተነሳችው አሮጊት

የጫማ ሰሪዎች ከተማ በሆነችው ማሪኪና ውስጥ ፈሊሲታስን የማያውቅ ጫማ ሰሪ የለም። አርባ ዓመት ሙሉ ቆዳ ስትሰፋ ኖራ ስልሳ ሦስት ሲሞላት ልጆቿ «በቃሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት። መቀመጡንስ ተቀመጠች፣ ግን እኛ የጨዋታ ጠረጴዛ ዙሪያ። ናናይ ፈሊ እንላታለን፤ እናታችን እንደማለት ነው። እኔ ሮሄል ነኝ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ጋሪ ቀጥዬ ሰው አመላልሳለሁ። የምነግራችሁንም በዓይኔ ነው ያየሁት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አራት አምስት ሆነን እንሰበሰባለን። አንዱ ተራኪ ነው፤ ጫካውንም ጭራቁንም ዋሻውንም እሱ ይነግረናል። ሌሎቻችን አንዳንድ ጀግና ፈጥረን በወረቀት ይዘናል፤ ጀግናው የሚለውንና የሚያደርገውን እኛ እንወስንለታለን። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ሃያ ጎን ያላት ባለቁጥር ጠጠር ትጣላለች። ቁጥሩ ከፍ ካለ ለጣለው ተሳካለት፣ ዝቅ ካለ አለቀለት። የኔ ጀግና ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው፣ ሰይፉም ከሱ አያንስም። እኔ ራሴ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነኝ። ታዲያ ምን ይጠበስ?

ተራኪያችን አርቪን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ግን ሕግ ሕግ የሚል። በየዓመቱ የክበባችንን አዳዲስ ጀብዱዎችና አዳዲስ የጀግና ዓይነቶች ሰብስቦ መጽሐፍ ያሳትማል። ከባሕር ማዶ ካሉት ከተሞች፣ ከሴቡና ከዳቫኦ ሳይቀር ይገዙታል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ መግባት እንደዋዛ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ናናይ ፈሊ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «የመንደር አሮጊት» ይላል። ዕድሜ ሰባ። መሣሪያ የለም። የነፍስ ነጥብ፣ ማለትም እስክትሞት የምትችለው ጉዳት፣ አራት፤ የኔው ሰይፈኛ አርባ ሁለት አለው። ችሎታ፦ ማን የት እንደሚኖር ታውቃለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አርቪን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ናናይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሮጊት ጀግና አትሆንም። አሮጊት የእንግዳ ማደሪያው በር ላይ ቆማ ሀብቱ የት እንደተቀበረ ለጀግኖቹ ትነግራቸዋለች። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«የት እንዳለ የማውቀው እኔ ከሆንኩ እነሱን ምን ብዬ እልካለሁ?» አለችው። «ስድስት ዓመት እዚህ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሴትየዋ ትናገራለች፣ ጎረምሳው ሄዶ ያመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ስሟን የሚያነሳ የለም። መረረኝ። እኔው ራሴ እሄዳለሁ።»

«በመጀመሪያው ጭራቅ ትሞታለች እኮ።»

«ትሙታ። ሄዳ ትሙት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አርቪንም የሕጉን ወረቀት ይዞ አልለቅ አለ። እሷም ባሰች። በመጨረሻ በወረቀት ተዋዋሉ። አሮጊቷ በሚቀጥለው እሁድ አንድ ሙሉ ጀብዱ ላይ ትፈተናለች። በሕይወት ከወጣች መጽሐፉ ውስጥ ትገባለች፣ ከሞተች ወረቀቷ ይቀደዳል። ጠጠሯ በሁላችን ፊት ትጣላለች፣ የወጣው ቁጥርም አይለወጥም። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባችው ናናይ ራሷ ናት።

እሁድ ደረሰ። እኔ ከነሰይፈኛዬ፣ የመድኃኒት ቤት ሻጯ ማይላ ከነአስማተኛዋ፣ ናናይ ከነአሮጊቷ ጫካ ገባን። የኔው ሰው ቅርንጫፉን በሰይፍ እየመነጠረ ፊት ፊት ሄደ። ወዲያው ከትልቅ ዛፍ ላይ ካፕሬ ወረደ፤ ያ ዛፍ ላይ የሚኖር ጸጉራም ግዙፍ፣ ትምባሆውን እንደጎረሰ። በአንድ ምት ግማሽ ነፍሴን ወሰደው። የማይላ እሳት ጺሙን እንኳ አላቃጠለውም።

«አሮጊቷስ?» አለ አርቪን።

«ጎንበስ ትላለች» አለች ናናይ። ከዚያ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ዛፍ ሥር ባለፍን ቁጥር የዛፉ ነዋሪ እንዳይቆጣ የምንለውን አለች፦ «ታቢ ታቢ ፖ። ይፍቀዱልን ጌታዬ፣ እንለፍ። ልጆቹ ሳያስፈቅዱ የገቡት አሳዳጊ በድሏቸው ነው።»

ጉድ እኮ ነው። አርቪን ራሱ ከአዳራሹ ጀርባ ዛፍ ሥር ሊሸና ሲሄድ ጮክ ብሎ ነው የሚያስፈቅደው፤ ሰምቼዋለሁ። እኔም ሳልል አልፌ አላውቅም። ሰይፍ የጨበጥን ዕለት ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም፤ የማናውቀው አገር ባላባቶች ሆነን ቁጭ ብለናል።

«ይሄ ችሎታ አይደለም፣ ጨዋነት ነው» አለ አርቪን።

«ታዲያ ሰይፈኞችህ ለምን የላቸውም?»

«እሺ፣ እለፉ» አለ አርቪን። ካፕሬው መንገድ ለቀቀልን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዋሻው ደረስን። የሀብቱ ሣጥን ላይ ክንፋም እባብ ተጠምጥሟል፤ ሣጥኑን የነካ ሰው ይነደፋል። «አንቺ ውጭ ጠብቂ፣ እኔ አወጣዋለሁ» አልኳት።

«አንተም ጀመርክ?» አለችኝና አሮጊቷን አስገባቻት። ሣጥኑን አነሳች። እባቡን ወክሎ አርቪን ጠጠሯን ጣለ፤ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ከወጣ ይነድፋታል። ጠጠሯ ተንከባላ የማይላን ብርጭቆ ነካችና ቆመች። አሥራ ስምንት።

አርቪን ቶሎ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ብርጭቆ ነክታለች፣ አትቆጠርም። ደግሜ ልጣል።» ልጁ አሮጊቷን ወዷት ነበር፣ ፊቱ ያስታውቃል። እኔና ማይላም «ደግም፣ ደግም» አልን።

ናናይ መዳፏን ጠጠሯ ላይ አሳረፈች። «ለሮሄል ሰይፈኛ ቢሆን ትደግምለት ነበር?»

አርቪን እጁን ሰበሰበ።

«እንግዲያው ለእኔም አትደግም። አዝነህልኝ ከምታስገባኝ ቀድደህ ጣለኝ። አሥራ ስምንት ነው፣ አንብበው።»

አነበበው። አሮጊቷ ሣጥኑን ለማይላ አቀብላ ሞተች። ናናይ ወረቀቷን በገዛ እጇ ለሁለት ቀደደችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እንኳ ዞር ብላ አላየችንም። ደሜ ፈላ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እኔም አላውቅም። አርቪን እንደሆነ አንገቱን ደፍቷል።

ሳምንቱን ሙሉ እሷን እያሰብኩ ሁለት ተሳፋሪ ከመውረጃቸው አሳልፌ ተሰድቤያለሁ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የሚገባው ከቀጣዩ እሁድ ማግስት ሰኞ ነበር። እሁድ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም።

መጣች። በአንድ እጇ የተጠበሰ ሙዝ፣ በሌላው አዲስ ወረቀት። ወረቀቱን አርቪን ፊት አስቀመጠችው። ዕድሜ ዘጠና አንድ። የነፍስ ነጥብ ሁለት።

«ናናይ፣ ተዋውለን ነበር እኮ» አለ አርቪን ቀስ ብሎ። «አሮጊቷ ሞታለች።»

«ሞታለች። በሕጉ ነው የሞተችው፣ አልተከራከርኩህም።»

«ታዲያ ይቺ ማናት?»

«እናቷ ናት» አለች ወንበር እየሳበች። «ልጄ የወደቀችበትን አሳዩኝ ብላ መጣች። ትሞታለች ብለህም አታስፈራራኝ፤ ይቺም ብትሞት እናት አላት።»

ማይላ በሳቅ ፈረሰች። አርቪን የውሉን ወረቀት አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ደገመው። «ስለ እናቷ የሚል ነገር የለውም» አለ በመጨረሻ፣ ጠጠሯንም ጠረጴዛው መሃል በሁላችን ፊት አስቀመጠ።

ናናይ ያን ቀን በሁለት ነጥብ ገብታ በሁለት ነጥብ ወጣች፤ አንድም ቁጥር አልተደገመላትም። የመጽሐፉ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ታገኟታላችሁ። ዕድሜ በሚለው መስመር ላይ ከሰባ ጀምሮ ይላል፤ እስከ ስንት እንደሆነ አርቪን አልጻፈም።