ቢላው የሚደርስበት ርቀት

የአንደኛ ዓመቱ የመጀመሪያ ሴሚስተር አልቆ ከአሶሳ ወደ ሰፈራ መንደራችን ስመለስ፣ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ምግብ ካቆሙ ሰንብተው ነበር። እናቴ የማሽላ ገንፎ በባምያ ታቀርብላቸዋለች፤ እሳቸው ጣታቸውን ነክረው ሳህኑን መልሰው ይገፉታል። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው፣ እርጅና ነው፣ የሚወዱትን ስጧቸው ተባልን። እቤት ገብተን ምን እንደሚወዱ ስንጠይቃቸው ብዙ ሳያስቡ የድኩላ ጉበት አሉ።

አያቴ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ቤታቸውን በእርሻም በአደንም ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። አባቴ ግን ልጅ ሳለ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ነው፤ ገበሬ እንጂ አዳኝ አይደለም። ጠመንጃ ያነሳበት ጊዜ ቢኖር ዝንጀሮ ከበቆሎ ለማባረር ነው፤ እሱንም ወደ ሰማይ። ወንድሜ ጉባ ለሥራ ስለሄደ አደኑ አባቴ ላይ ወደቀ። የአባቴ ዓይን ሩቅ ነገር ማየት ካቆመ ቆይቷል። እናቴ እኔ አብሬው ሄጄ ዓይን እንድሆነው ሐሳብ ስታቀርብ አያቴ ከአልጋቸው ሆነው ሳቁ። “ዩኒቨርሲቲ ድኩላ መፈለግ አስተማረህ?” አሉኝ። አማርኛን በትልቅነታቸው ስለለመዱት ሴቶቹን፣ እኔንም እናቴንም፣ “አንተ” ነው የሚሉን።

ያለን ምርጫ ሁለት ጠመንጃ ነበር። አንደኛው የአያቴ አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ ጥይት አያውቅም። ባሩዱና የእርሳስ ድብልብሉ የሚገቡት በአፈሙዙ ነው፤ ቁራጭ ጨርቅ ይከተላቸዋል፣ ከዚያ በረጅም ዘንግ ይጠቀጠቃል። አንዴ ከተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ አውሬው አገር ለቆ ይሄዳል። ሁለተኛው የጎረቤታችን ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ ወታደር ሲሆን፣ ጠመንጃው ላይ የተገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር የመንደሩ መነጋገሪያ ነበር። ሁለቱም ጠመንጃዎች በቀበሌው የተመዘገቡ ናቸው፤ ያለዚያ ባሳለፍናቸው የግጭት ዓመታት ምክንያት በእኛ አካባቢ ጠመንጃ ይዞ ጫካ መግባት የሚታሰብ አይደለም።

አባቴ ነገሩን እንደ ዘር ምርጫ በጥንቃቄ ያዘው። ከማሳው ጫፍ ያለው ኩይሳ ላይ ቅል አስቀመጠና ከማንጎው ዛፍ ሥር ተንበርክኮ በሁለቱም አነጣጠረ። በአሮጌው ሲያይ ቅሉ የቱ፣ ኩይሳው የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። በመነጽሩ ሲያይ ግን ፊቱ በራ። የቅሉን አንገትና አንገቱ ላይ የወጣችውን ጉንዳን አየሁ አለ። ጎረቤታችንም ከኋላው ቆሞ፣ “ወንድሜ፣ በዚህ የድኩላውን ሽፋሽፍት ትቆጥራለህ” አለው። እኔም በተራዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ሩቁ ሁሉ እጅ የሚደርስበት ይመስላል። በዚህ ምርጫው አለቀ። ለአያቴ ስንነግራቸው ዝም አሉ፤ ሕመም ላይ ስለነበሩ ዝምታቸውን እንደ እሺታ ወሰድነው።

ሣሩ የተቃጠለበት ወቅት ነበር። ጥቁሩ መሬት ላይ አዲስ ቡቃያ ብቅ ብቅ ስላለ ድኩላ ከወንዙ ዳር ጥሻ ወጥቶ ይግጣል። እኔና አባቴ ከሸለቆው ወዲህ ማዶ፣ ከቀርከሃው ጠርዝ ተቀመጥን። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ቀንዳም ወንድ ነበር፣ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ። በጣቴ ጠቆምኩት። አባቴ በመነጽሩ ፈልጎ አገኘው፣ ቢስሚላህ ብሎ ተኮሰ። ድኩላው እዚያው ባለበት ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ነው ሸለቆውን ያየነው። በመነጽሩ ውስጥ ሸለቆ አልነበረም፤ እኛና ድኩላው ብቻ ነበርን። አሁን ግን ገደሉን እየተንሸራተትን መውረድ፣ ድንጋያማውን ወንዝ መሻገር፣ ቀጥሎ በእጅ በእግራችን ወዲያ መውጣት ነበረብን። አባቴ ቢላውን ይዞ የቻለውን ያህል ሮጠ። ስንደርስ የድኩላው ዓይን ላይ ዝንብ ቆሞ ነበር። አባቴ አንገቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ባረከው፤ ደሙ ከብዶ፣ በዝግታ ወጣ። አንዲት ጅማት እንኳን አልተንቀሳቀሰችም።

ነፍሱ ሳይወጣ መታረድ አለበት የሚለውን ሕግ አባቴ ከማንም በላይ ያውቃል። ሲያርድ የኖረው ግን ዶሮና ፍየል ነው፤ እግራቸውን ሰው ይይዝለታል፣ ቢላው ሁልጊዜ ከእጁ ነው። ጠመንጃ ስንመርጥ መምታቱን እንጂ መድረሱን አላሰብንም።

እቤት ክርክሩ ተነሳ። ጎረቤታችን ሲተኩስ የአላህን ስም ከጠራ በቂ ነው፣ እንዲህ የሚሉ የሃይማኖት አዋቂዎች ሰምቻለሁ አለ። አባቴም እንዲህ የሚሉ እንዳሉ አልካደም። በአያቴ ዘንድ ግን ቢላው ነፍስ ሳይወጣ ካልደረሰ ሥጋው ጥንብ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ኖረዋል። እናቴ አንዱንም ወገን አልደገፈችም። ጉበቱን ቆርጣ ድስት ውስጥ ጨመረችና፣ “እኔ እሰጣቸዋለሁ። ማንም ምንም አይበል፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን” አለች። ድምጿ ውስጥ የነበረው ቁጣ አልነበረም። አባቷ ከቀን ቀን እየመነመኑ ሲሄዱ በዓይኗ እያየች ነበር።

ሽታው ከመድረሱ አያቴ ቀና አሉ። እናቴ ከጀርባቸው ትራስ ደግፋ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው። አንድ ቁራጭ አነሱ፤ አፋቸው ዘንድ ሳይደርስ ቆም አሉና አባቴን አዩት።

“ቢላ ሲነካው እግር ተራገጠ?”

አባቴ መሬት መሬት አየ። አያቴ ወደ እኔ ዞሩ።

“አንተ ነበርክ። ንገረኝ።”

እናቴ ከጀርባቸው ሆና ታየኝ ነበር። የለመነችኝን ያህል በሕይወቷ ማንንም የለመነች አይመስለኝም፤ በዓይኗ ብቻ። አያቴ ሳይበሉ ቢሞቱ ምክንያቱ የእኔ ቃል እንደሚሆን አውቄያለሁ። ነገር ግን የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው፤ የሚበሉትም እሳቸው።

“አልተራገጠም፣ አባባ” አልኩ።

ቁራጩን ወደ ሳህኑ መለሱት። አልተቆጡም። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ለእናቴ በበርታኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር ነገሯት፤ ሳህኑን ይዛ ወጣች። ሥጋው በሙሉ ለውሾች ሆነ። እናቴ ያን ቀን አላናገረችኝም።

በማግስቱ አያቴ አሮጌውን ጠመንጃ አስመጡ። ተኝተው መጉረስ ስላቃታቸው እኔ አፈሙዙን ወደ ላይ ይዤ ባሩዱን ከማስቀመጫ ቀንዱ እያፈሰስኩ እሳቸው “በቃ” ይሉኛል። ጨርቁን በምራቃቸው አርጥበው ሰጡኝ። ዘንጉን ስጠቀጥቅ ድምፁን በጆሯቸው ይከታተሉ ነበር፤ ድምፁ ሲታፈን “አሁን ደረሰ” አሉ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ በዚህ ጠመንጃ ምንም እንደማይታየው አስረዳቸው።

“ዓይንህ ሩቅ አያይም። ታዲያ ለምን ሩቅ ቁጭ አልክ?” አሉት። “ቅርብ ሂድ። ሽታው እስኪመጣ ቅርብ።”

አባቴ የተሰደበ መስሎት ነበር፤ ቆይቶ ሳቀ።

ወደ ሸለቆው ወርደን፣ ድኩላ ውኃ ወደሚጠጣበት ኩሬ ተጠግተን ተቀመጥን። አመድ እየበተንኩ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ባዶ እጃችንን ተመለስን፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። እናቴ ስንገባ እጃችንን አይታ ወደ አልጋው ትሄዳለች። አያቴ ውኃ ብቻ ይጎነጫሉ። እኔ እየቆጠርኩ የነበረው ድኩላ አልነበረም፤ ስንመለስ እሳቸውን በሕይወት ማግኘት አለማግኘታችንን ነበር።

ሲመጣ ድምፅ አልነበረውም። ከጥሻው ራሱን አውጥቶ ቆመ፤ ቅርብ ከመሆኑ የተነሳ እርጥብ አፍንጫው ሲነፋ አየሁ። አባቴን በክርኔ መንካት እንኳን አላስፈለገኝም፤ አይቶታል። ተኮሰ። ነጭ ጭስ ሁሉንም ሸፈነው። ጭሱን ጥሼ ስሮጥ ድኩላው በጎኑ ወድቆ ሊነሳ ይታገል ነበር። የኋላ እግሩን ልይዝ ስል ቅልጥሜን መታኝ፤ ጩኸቴን ዋጥ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩት። አባቴ ደርሶ ተንበረከከ፣ የአላህን ስም ጠራ፣ ቢላውን አሳረፈ። ደሙ ሞቆ እጃችን ላይ ፈሰሰ፤ እግሩም በእጄ ውስጥ ደጋግሞ ተራገጠ፣ ከዚያ ለቀቀ። አባቴ ሳይነሳ እዚያው ቆየ። የሚያስደስት ነገር አልነበረም። ግን የሚያሳፍርም አልነበረም።

እቤት ስገባ አነክስ ነበር። አያቴ ከአልጋቸው አዩኝና እንድቀርብ በእጃቸው ጠሩኝ። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ቅልጥሜን አሳየኋቸው፤ አብጦ ጠቁሯል። በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ዳሰሱት።

“ያማል?”

“በጣም ያማል፣ አባባ።”

“ጥሩ” አሉ፤ ወደ እናቴም ዞረው ጉበቱ እንዲቀርብ ጠየቁ።

እናቴ በትንሹ ቆራርጣ አቀረበችላቸው። የመጀመሪያውን ለረጅም ጊዜ አኘኩት፤ ሁላችንም ጉሮሯቸውን እናያለን። ዋጡት። ጨው አንሶታል አሉ። እናቴ ጨው ልታመጣ ተነሳች፤ በአጠገቤ ስታልፍ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባች።