የደብረ ታቦሩ ማሽን ለምን ፈጠነ

ሚሊኒየሙ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ወረታ ነበርኩ፤ የወረዳው የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ፣ ከአዲስ አበባ ሄጄ። የተከራየሁት ክፍል ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ነው። ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ይተኛል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ እኔም የማናግረው ሰው አጣለሁ። ብቻዬን በልቼ ብቻዬን እተኛለሁ። ባለሱቁ አከራዬ "ኮምፒውተር አግብተሃል እንዴ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አልተሳሳተም። የማስተርስ ጽሑፌን እየሠራሁ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገበሬው የሩዝ ዘር መቼ እንደሚደርሰው ለማወቅ የኔ ፕሮግራም ደብረ ታቦር ያለውን የዞኑን ማሽን ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ባሕር ዳርን ይጠይቃል፤ የሁለቱ ተገጣጥሞ አንድ መልስ ሆኖ ይመለሳል። የተጣመረ ዌብ ሰርቪስ ይሉታል። በመሃል መስመር ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ማሽን ይተኛል። የኔ ሥራ የእያንዳንዱን የመዘግየትና የመበላሸት ዕድል ስቶካስቲክ በሚሉት የአጋጣሚ ሞዴል አስልቶ መልሱ ምን ያህል እንደሚቆይ አስቀድሞ መናገር ነው። ፕሮግራሙ ከእሁድ በቀር በየቀኑ፣ ቅዳሜንም ጨምሮ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጥያቄ ይልካል፤ እኔ የመልሱን ጊዜ እመዘግባለሁ።

የደብረ ታቦሩን ማሽን የምትይዘው አንዲት ልጅ ነበረች። ጥያቄው በገባ ቁጥር ትደውልልኛለች።

"ደረሰህ?"

"ደረሰኝ።"

ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምንም። መጀመሪያ አንቱ ተባብለን ነበር፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አልዘለቅንበትም። ወድጃት ነበር፤ ምን ያደርጋል መሸፋፈን! ደብረ ታቦር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ማስተርሴን ልያዝና ወጥቼ እነግራታለሁ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ "ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ።

"ዳታ አያለሁ።"

"አይ አንተ!" ብላ ሳቀች። የደወለችው በቢሮው ስልክ ነበር።

ዳታው እጅግ አስደሰተኝ። የባሕር ዳሩ ከተበላሸ ግማሽ ቀን ይተኛል፤ የደብረ ታቦሩ ግን ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ቢያድር እንኳ ጠዋት በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል። "የዞኑ ማሽን ራሱን ፈጥኖ የመጠገን ባሕርይ አለው" ብዬ በኩራት ጻፍኩ።

ሐምሌ ላይ ደወለችና "ሽማግሌ ተልኮብኛል" አለች። "ሰውየው ሐዋሳ ነው የሚሠራው። አባቴ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል። አንተስ ምን ትላለህ?"

ጽሑፉ አላለቀም፣ ቤት የለኝም፣ ለአባቷ የምልከው ሽማግሌ በዚያ አገር አላውቅም።

"እኔ ምን እላለሁ... መልካም ሰው ከሆነ፣ እንኳን ደስ አለሽ።"

እንኳን ደስ አለሽ! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

"እሺ" አለችና ስልኩን ዘጋች።

ነሐሴ ላይ ተድራ ወደ ሐዋሳ ሄደች። ትንበያዬ ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ብትንትኑ ወጣ። በደቂቃ ይመጣ የነበረው መልስ ቀኑን ሙሉ ይጠፋል፤ ቅዳሜማ ጭራሽ የለም። ስሌቱን ደጋግሜ አገላበጥኩት፤ ስህተት አጣሁበት። ቢቸግረኝ ማሽኑን ራሱን ልየው ብዬ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ቢሮው ተቆልፏል። በሩ ላይ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ቅዳሜ ሰው አይገባም እንዴ?"

"ማን ይገባል ብለህ ነው ልጄ? ያች ልጅ ነበረች እንጂ። መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር በዝናብ እየተደበደበች በማለዳ ከተፍ ነው፤ ማሽኑን ታስነሳለች። 'በቀዳሚት ሰንበት ምን አመጣሽ?' ስላት፣ 'አባባ፣ ወረታ ላይ ሰው ይጠብቃል' ትለኝ ነበር።"

ደጁ ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ዘበኛው "ምነው፣ አመመህ?" ሲሉኝ ነው የነቃሁት።

መስከረም ላይ አማካሪዬ ግራፉን አየና ሰኔና ሐምሌ ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ይህ ማሽን እዚህ ጋ ለምን ይህን ያህል ፈጠነ?" አለኝ። ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። በጽሑፉ ላይ "ምክንያቱ አልታወቀም" የሚል መስመር ጨመርኩ። እሱም ተቀበለኝ፤ ማስተርሴን ያዝኩ።