አንገት የማጽዳት ጥበብ

አሰላ ውስጥ ትከሻ ገልጦ ፎቶ መነሳት ጀግንነት ነው። ይህን የምለው ስለ ነውር አይደለም፣ ስለ ብርድ ነው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ለአርት አይራራም። ደንበኞቼ ግን ስልካቸው ላይ ያዩት የባሕር ዳርቻ ስለሆነ ይህን አያስቡትም። ቀይ ሳቲን ገዝተው ይመጣሉ፣ ካፖርታቸውን ያወልቃሉ፣ ከንፈራቸውን ያሾላሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ክንዳቸው እንደተነጨ ዶሮ ይሆናል። እኔም ማሞቂያውን እሰካለሁ። መብራት ይጠፋል። በጨለማው ውስጥ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ "ሴክሲ ሆንኩ?" ብለው ይጠይቁኛል።

ፎቶ ቤቴ የሳጉሬ ሚኒባሶች ከሚጭኑበት ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ ነው። ሠርግ አነሳለሁ፣ ምርቃት አነሳለሁ፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ የምኖረው በዚያ ነው። የምወደው ግን የሰው ገላ ማንሳት ነው። ገላ ስል ራቁት ማለቴ አይደለም። የአንድ ሰው ጀርባ፣ የጆሮው ሥር፣ ከባድ ነገር ሲሸከም የኖረ ትከሻ፣ እነዚህ ብርሃን ሲያገኙ ምን እንደሚሆኑ እኔ አውቃለሁ። የከተማችን ሰው ግን "አርት" የሚል ቃል ሲሰማ የሚታየው የልብስ መውለቅ ብቻ ነው። አንዳንዱ ወንድ ደረጃውን ወጥቶ፣ ዐይኑን ጠቀስ አድርጎ፣ "እህት፣ አርት ታነሺያለሽ አሉ" ይለኛል። አዎ፣ ሸሚዝህን አውልቅና ቁጭ በል ስለው ወዲያው ቀጠሮ እንዳለበት ትዝ ይለዋል።

ሴቶቹ ደግሞ "አጽጂኝ" ይላሉ። ፎቶ ቤት ውስጥ ማጽዳት ማለት በኮምፒውተር ፊት ማለስለስ፣ ማቅላት፣ አፍንጫ ማቅጠን፣ ጠባሳ ማጥፋት ነው፤ ቃሉን ያወጣው ሰው ፊታችንን ቆሻሻ ብሎት አረፈ ማለት ነው። ብጉር ጽዳት ቢባል ይገባኛል፣ ብጉር እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። እነሱ ግን ከአያታቸው የወረሱትን ጉንጭ ነው ጥረጊልን የሚሉት። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ተነስታ እናቷንም ካላጸዳሽ ብላ ድርቅ አለችብኝ። አጸዳሁላት። እናትየዋ የልጇ ታናሽ መስላ ወጣች። ሁለቱም ፎቶውን ታቅፈው፣ እየመረቁኝ ወረዱ። ሥራ ነው ብዬ ሠራሁት፣ ግን ናቅኋቸው፤ ንቀቴንም አልደብቅም።

ያገራችን ወንድ ደግሞ ከዚህ አይሻልም። ሴት ላመስግን ሲል አንገት ላይ ይሰቀላል፤ አንገቷ መቃ፣ አንገቷ ብርሌ። ብርሌ እኮ ጠርሙስ ነው። ጠጁ ተጠጥቶ ሲያልቅ ታጥቦ የሚደረደር ጠርሙስ። እስከ ዛሬ አንድም ወንድ ስለዚህ ነገር ቆም ብሎ ሲያስብ አላየሁም።

ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ፎቶ የተገኘው በአንድ ፊደል ስህተት ነው። ማስታወቂያዬን ሳሠራ እንደ ደንቡ ከላይ በኦሮምኛ፣ ከታች በአማርኛ እንዲጻፍ ሰጠሁ። በኦሮምኛ ፎቶ ሱራ ነው፤ አርት ደግሞ አርቲ ይባላል፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ረዘም ስለሚል በላቲኑ ፊደል ሁለት ኢ ይጻፋል። ማስታወቂያ ሠሪው አንዷን ኢ ዋጣት። አንድ ኢ ብቻ ሲቀር ቃሉ "ትናደዳለች" ማለት ነው። ሰሌዳው ተሰቅሎ ባጃጅ ነጂዎቹ ከታች ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ነው ያወቅሁት፤ ፎቶ፣ ትናደዳለች። ሠሪው መጥቶ ላስተካክል አለኝ። አንድ ቃል መጻፍ ያቃተው ሰው ሁለተኛ ሰሌዳዬን እንዲነካ ስላልፈለግሁ እንዳለ ተውኩት። የተናደደችው ባለቤቷ ናት ብለው ስም አወጡልኝ፣ አልተሳሳቱም።

አንድ የገበያ ቀን ሁለት ሴቶች ከሳጉሬ መጡ። አንደኛዋ አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሳጉሬ ላይ ገብስና ስንዴ የምትነግድ ሴት ነበረች፤ ሰፊ ትከሻ፣ ፀጉሯ ላይ የእህል ብናኝ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠምጥማ። ሌላዋ አክስቷ ነበሩ፤ ቀሚሳቸው የተተኮሰ፣ ንግግራቸውም እንደዚያው። ነገሩን ሁሉ ያስረዱኝ አክስትየዋ ናቸው። ልጅቷ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አርቦዬ ከተማ ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሱቅ ያለው፣ ጌታን የሚያውቅ ሰው ተገኝቷል። የሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀረው ፎቶ ብቻ ነው፤ ሰውየው ፎቶውን አይቶ ከወደደ ሽማግሌ ይልካል፣ ካልወደደ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እህል ስትገዛ ጆንያው ተፈትቶ ካልታየ አልገዛም የምትል ሴት፣ ራሷ ተመርጣ እንድትገዛ ልትነሳ መምጣቷ አበሸቀኝ። ይህንኑ አልኳት። እሷ ግን አልተቆጣችም። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል አለችኝ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። ባል እንደምትፈልግ እንዲህ በግልጽ የተናገረች ሴት እዚህ ደረጃ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ወደድኳት።

ምን ዓይነት ፎቶ እንደምትፈልግ ስጠይቃት በመስኮቱ ወደ ሰሌዳው ጠቆመችኝ።

"ያቺን የምትናደደዋን አንሺኝ።"

ሳቅሁና ስለ ጠፋችው ኢ አስረዳኋት። ስህተት ነው፣ ሊጻፍ የነበረው አርት ነው አልኳት። ስትሰማኝ ቆይታ፣ የሠሪው ስህተት የራሱ ነው፣ እኔ ግን ያነበብኩትን ነው የምፈልገው አለች።

ነጠላዋን ስታወርድ ለምን ተጠምጥማ እንደመጣች ገባኝ። አንገቷ ሥር፣ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው፣ ጠበቅ ያለ ሐብል የመሰለ ጠባሳ አለ። እንቅርት ነበረባት፣ ሐኪም ቤት በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ባል ሞተ፣ እንቅርት በቀለ፣ እንቅርቱ ሲወጣ ጠባሳ ተተካ። አክስትየዋ ይህንን ሲነግሩኝ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ብለው ሳቁ። ለእሳቸው ተረት ነው፤ ለእሷ ግን አንገቷ ነው።

ፊት ላይ የማበራውን ክብ መብራት አጠፋሁት። እሱ መብራት ሁሉንም ሴት አንድ ዓይነት ሳሕን ያደርጋል። በጭላሎ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት፣ ደመና ስለነበር ብርሃኑ ለስላሳ ነበር። ነጠላዋ ክንዷ ላይ ወረደ። ትከሻዋ የኩንታል ትከሻ ነው፣ ክብ፣ ጠንካራ፣ ቆዳው ከፊቷም የጠራ ጠይም ወርቅ። አክስትየዋ ከኋላዬ ሆነው ፈገግ በይ፣ አገጭሽን ዝቅ አድርጊ፣ እጅሽን አንገትሽ ላይ አድርጊ ይሏታል። እሷ ወደ እጇ ስታይ፣ እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ሹክ ያሉ መስሏቸው ነው፤ ጸሎት የለመደ ድምፅ ግን ሹክ አይልም።

"ልጄ፣ አንገቷን አጽጂልኝ።"

ሰማች። ቀና አለች። የአንገቷ ሥሮች ተገተሩ፣ ጠባሳውም ከቆዳዋ ተነጥሎ ወጣ። አገጯ ተነሳ፣ ዐይኗ ከእኔ አልፎ አክስቷ ላይ አረፈ፣ አፏ ግን ልትስቅም ልትነክስም እንደምትችል ሆኖ ተዘጋ። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት። ያቺን አንዷን ካየሁ በኋላ ሌላ ማንሳት አላስፈለገኝም።

ብዙ ገላ አንስቻለሁ። ቀይ ሳቲን ላይ የተጋደመ ሁሉ ውደዱኝ እያለ ስለሚለምን ልመና ሆኖ ይቀራል። እሷ ምንም አልለመነችም። ትከሻዋ የራሷ ነበር፣ አንገቷም የራሷ፣ ማየት የፈለገ ይይ፣ ያልፈለገ ይለፍ የሚል ገላ ነበር። ፎቶውን ያየ ሰው ሊነካት ይፈልጋል፣ ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ አይደፍርም። አርት ብለው ዐይናቸውን የሚጠቅሱት ሰዎች ይህን አንድ ቀን እንኳ ቢያዩ አያውቁትም።

አንገቷን አላጸዳም ብዬ ለአክስትየዋ ነገርኳቸው። ያ ጎፍታ ብለው ጌታን ጠሩ። ሙሽራ ስትኳል ውሸት ሆነ እንዴ፣ ይሄም ኩል ነው ብለው ተከራከሩኝ። ኩል ይታጠባል እርስዎ፣ ይሄ ጠባሳ ግን አብሯት አልጋ ይገባል አልኳቸው። ዐይናቸው ፈጠጠ። ፎቶውን እንዳለ ወደ ስልካቸው ላክሁላቸው፤ እሷ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ፎቶ አይቀበልም። ለራሴም አንዱን አሳጥቤ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት።

ከሳምንታት በኋላ ሴትዮዋ ብቻዋን መጣች። ደረጃውን በፍጥነት ስለወጣች ትንፋሽ አጥሯታል። ሰውየው ፎቶውን አይቶ ወዷል፤ አክስትየዋ እሱ የላከውን መልእክት ስልክ ደውለው በደስታ አንብበውላታል። አንገቷ ብርሌ ነው ብሎ ጽፏል።

ብርሌ የሚለውን ቃል ስትሰማ ነገሩ ገብቷታል። የእሷን አንገት ያየ ሰው ብዙ ነገር ሊል ይችላል፣ ብርሌ ግን አይልም። አክስትየዋን አፋጥጣ ስትይዛቸው አመኑ፤ የዚያኑ ዕለት ከእኔ ዘንድ ወርደው አንዱ ስልክ ቤት ገብተው አስጸድተውታል። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ቀን ተቆርጧል። እሷም የሰውየውን ቁጥር በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር የመጣችው። እውነተኛውን ፎቶ በስልኬ እንድልክለት ፈለገች።

ስለ ጠባሳው፣ ስለ አክስትየዋ ሥራ ሁለት መስመር ልጻፍለት አልኳት። አይሆንም አለች። "ከሳጉሬ ነው ብቻ በይው። ካየኝ ያውቀኛል።" ፎቶ ራሱ ይናገራል የሚሉ ሰዎችን እየናቅሁ ነው የኖርኩት፣ ፎቶ አፍ የለውም። ያን ቀን ግን ግድግዳዬ ላይ ያለችውን ሳይ፣ ይቺስ ትናገራለች ብዬ አመንኩ። ላክሁለት።

አየው። እሷ እንግዶች ካፖርት የሚያስቀምጡባት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛለች። ሳትናገር እንኳ ምን ያህል እንደፈለገችው ከእጇ ይታይ ነበር። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። መጀመሪያ ፎቶ ነው የመጣው፣ የጸዳችው። ሁለታችንም ያን ጊዜ ነው ያየናት። ቆዳዋ ተልጦ የተቀቀለ ድንች ይመስላል። ጠባሳው የለም፣ የተገተሩት የአንገቷ ሥሮች የሉም፣ ትከሻዋ ተቀንሶ ቀጥኗል። ግንባሯን እንኳ አለስልሰው ቁጣዋን ሳይቀር ጠርገውታል። የቀረችው ሃያ ዓመት የሆናት፣ ማንንም የማታውቅ ልጅ ናት። ከሥሩ ሰውየው በትሕትና፣ በጥሩ አማርኛ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦

"ጌታ ይባርክዎ። የኔዋ ይቺ ናት። እርስዎ በላኩልኝ ፎቶ ላይ ያሉት ታላቅ እህቷ ናቸው መሰለኝ፤ እባክዎ ሰላም ይበሉልኝ።"

ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ልሰድበው እችል ነበር። አክብሯት ነው የገደላት። እሷ የኦሮምኛውን እንጂ የአማርኛውን ፊደል አታነብም፤ አንብቢልኝ አለችኝ፣ ልዋሽላት አስቤ መልሼ እንዳለ አነበብኩላት። አለቀሰች። እኔም በአክስትየዋ፣ በስልክ ቤቱ፣ በሰውየው፣ በዚህ ከተማ ጽዱ ፊት ሁሉ ላይ ተናደድኩ። አሁን ልደውልለትና አንቺ መሆንሽን ልንገረው አልኳት። አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። የጸዳችውን ልጅ ደግማ፣ ቀርባ አየቻት፣ ተጠይቆ የማይመልስ ሰው ትክ ተብሎ እንደሚታይ። ዐይኗን በመዳፏ ጠረገች።

"ጻፊለት" አለች። "አዎ፣ ታላቋ ናቸው በይው። ሰላምታህን ተቀብለዋል በይው። ትንሿን ግን ከየት እንደሚያመጣት እሱ ይወቅበት።"