ሳይሰማ የዋለ መርዶ

ፓቺያፓን በኩምባኮናም ከተማ ስሙ የታወቀ ሹፌር ነው። የታወቀው በመንዳት አይደለም፤ መንዳትማ ማንም ይነዳል። የሱ ሙያ በከተማው ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ የፕላኔት አማልክት ቤተ መቅደሶች በአንድ ቀን ማዞር ነው፣ ያውም አንዱንም በር ዝግ ሳያሳይ። ሌላው ሹፌር ስድስቱን ያሳይና “የቀረው ለከርሞ” ብሎ እጁን ያራግፋል።

ሚስቱ ሳሮጃ ከሞተች ወዲህ ግን ተሳላሚዎቹን በር ላይ አውርዶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ሐዘንተኛ ዓመቱ ሳይሞላ ቤተ መቅደስ አይገባም። ለነገሩ ቢፈቀድለትም የሚገባ አይመስልም ነበር። የሞተች ቀን ሰዎች ይዞ ዘጠኙን እያዞረ ነበር። ልጁና ዘመዶቹ የሰው ስለት እንዳይበላሽ፣ ጨርሶ ይምጣ ብለው መርዶውን ደበቁት። ሲደርስ ሬሳው ተቃጥሎ፣ ግቢው ታጥቦ አገኘው። ከጎረቤት የተዋሱት ወንበር ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ጎረቤቱ “ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” እያለ አማው። ሐሜተኛ ምን ያውቃል? ሰውየው ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ሆኖ ነበር፤ የራሱ ነገር የሌላ ሰው መሰለው። ይበላል፣ ይነዳል፣ ይተኛል፣ በቃ።

ናቴሳን የሚባል የጨርቅ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ከሚስቱ ከኮማላና ከልጁ ከያሊኒ ጋር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ያሊኒ አስተማሪ ናት፤ ሠላሳ ሊሞላት ነው፣ ባል እንቢ ብሏታል። ሊያይዋት የመጡ ቤተሰቦች ሁሉ ጣፋጩን በልተው፣ ቡናውን ጠጥተው፣ ኮከቧ አልገጠመም እያሉ ይቀራሉ። ኮከብ ቆጣሪው ዘጠኙን በአንድ ቀን ካልተሳለመች ነገሩ አይፈታም አለ። እሑድ ደግሞ ሌሎች ሊያይዋት ይመጣሉ። ለዚህ ነው የኮማላ ወንድም ባስካር በስልክ ፓቺያፓንን የያዘላቸው።

በዋዜማው ማታ በማደሪያቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገዱን መከሩ። ናቴሳን በሳምንቱ ቀናት ተራ እንሂድ አለ። ከፀሐይ ጀምረን ጨረቃ፣ ቀጥሎ ማርስ፤ ኮከብ ቆጣሪው ያለው እንደዚያ ነው አለ። ፓቺያፓን ሰምቶ ሲያበቃ ፀሐይ ከከተማው ወደ ምሥራቅ፣ ጨረቃ ወደ ምዕራብ፣ ማርስ ደግሞ እንደገና ወደ ምሥራቅ እንደሆኑ ነገረው።

“ሰማይ ላይ ያሉት በተራቸው ይዞራሉ ጌታዬ” አለ። “እዚህ ታች ያሉት ግን በር ጠባቂ አላቸው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቆልፎ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። እስከ ዐሥር ሰዓት ንጉሥ ቢመጣ አይከፍትም።”

ከዚያ የራሱን ተራ እንደ ዘመድ ስም ደረደረላቸው። ገና ሳይነጋ ጨረቃ፤ ከዚያ ጁፒተር፣ ፀሐይን ይውጣል የሚባለው ራሁ፣ ፀሐይ፣ ቬኑስ፤ በሩ ሳይዘጋ ሮጦ ማርስ። ምሳ። ሲከፈት ሜርኩሪ፣ ቀጥሎ የራሁ ጅራት የሚባለው ኬቱ፣ ማምሻውን ሳተርን። ኮማላ በመንገዳችን የሐር ሱቅ ብናይስ ስትል፣ ሐሩ ይጠብቃል፣ በር ጠባቂው አይጠብቅም አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ቀልድም አልነበረም።

ያሊኒ ስልኳን እየነካካች “ጋሼ፣ የኔ ባል የታሰረው ከዘጠኙ የትኛው ጋ ነው?” አለችው። “እሱ ጋ ብቻ ሄደን አስፈትተነው እንመለስ።”

እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ናቴሳን እየሳቀ፣ ይሄንን ታላቅ ወንድሜ ቢሰማ ጉድሽ ይፈላ ነበር አላት። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ናቴሳንን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ የዳረው ይኸው ወንድሙ ነው። የራሱ ልጅ የለውም፤ ያሊኒ “ትልቁ አባባ” ትለዋለች። ትሪቺ አጠገብ ባለው የአባታቸው ቤት ይኖራል። ሰሞኑን ደረቱን ትንሽ አሞት እንደነበር፣ ናቴሳን ጉዞውን ላስተላልፈው ቢልም “የልጅቷን ነገር ጨርሰህ ና” ብሎ እንደተቆጣው ለፓቺያፓን አወጋው። ፓቺያፓን በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ ሁሉም ነገር እንዳቀደው ሄደ። አምስተኛው ላይ፣ ቬኑስ ጋ፣ ሦስቱ ስልካቸውን መኪናው ውስጥ ትተው እንደገቡ የፓቺያፓን ስልክ ጮኸ። ባስካር ነው።

“ወንድም፣ ብቻህን ነህ?”

“ብቻዬን ነኝ።”

የናቴሳን ታላቅ ወንድም ጠዋት ማረፋቸውን፣ ሬሳው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት እንደሚወጣ ነገረው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጉዳዩ ገባ። የሞት እድፍ ጉዳይ ነው። በዚያ አገር ዘመድ የሞተበት ቤተሰብ ቤተ መቅደስ መግባት አይችልም፤ ልጁን ሊድር የሚያስብም ነገሩን ያቆየዋል። እድፉ የሚጣበቀው ግን ሰውየው ሲሞት ሳይሆን ወሬው ጆሮ ሲገባ ነው። ያልሰማ ንጹሕ ነው። ባስካር የሚስት ወገን ስለሆነ እድፉ እሱን አይነካውም፣ እንደልቡ ይናገራል።

“ለመንደሩ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ ማንም አይደውልላቸውም” አለ። “አንተም እንዳትነግራቸው። ዘጠኙን ይጨርሱ፤ ከዚያ እኔው ራሴ አረዳቸዋለሁ። ለልጅቷ ብለህ።”

“እሺ” አለ ፓቺያፓን።

ምንም አልተሰማውም። ጭንቅላቱ የለመደውን ሥራ ብቻ ሠራ፤ መንገድ አሰበ። ከማርስ ተነስቶ ትሪቺ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። ምሳውን ትተው ቢነሱ ናቴሳን የወንድሙን ፊት ያያል። ዐሥር ሰዓት ድረስ ከጠበቁ አያይም። ሒሳቡን ጨርሶ የመኪናውን መስታወት ወለወለ።

ማርስን በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረሱበት። ሲወጡ ኮማላ ከዛፍ ጥላ ሥር በሁመር ፍሬ የኮመጠጠ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ላይ አቀረበች፤ ለሹፌሩም የራሱን ቅጠል ዘረጋችለት። ያሊኒ ፀጉሯ ላይ የሰካችውን ጃስሚን አንዲት ፍየል ልትበላባት ስትሞክር እናትና ልጅ በሳቅ ሞቱ። ናቴሳን ፈንጠር ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ፓቺያፓን በጀሪካን ውኃ ያፈስለታል።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። ፓቺያፓን ልናገር ብሎ አልቆረጠም። አዝኖም አይደለም። አፉ ብቻውን ተናገረ።

“ታላቅ ወንድምዎ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል። አሁን ብንነሳ ፊታቸውን ያያሉ።”

ናቴሳን እጁን ማሸቱን አላቆመም። ውኃው አለቀ፤ እሱ ግን ያሻል።

“ማነው ያለዎት?”

“ባስካር። አትንገራቸው ብሎኝ ነበር።”

“ስንት ሰዓት ያወጡታል?”

“ዐሥራ አንድ ሰዓት።”

ናቴሳን ወደ ዛፉ ዞረ። ያሊኒ ፍየሏን በአባቷ ጃንጥላ እያባረረች ነበር። ረጅም ጊዜ አያት።

“አልሰማሁም” አለ። እስከዚያ ሰዓት እርስዎ ሲለው የነበረውን ሹፌር አንተ ብሎ ጠራው። “አንተም አልነገርከኝም። በሩ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?”

“ዐሥር ሰዓት።”

“እንግዲያው እንብላ።”

በላም። ቅጠሉን ጠርጎ በላ፣ እርጎ ጨምሩልኝ አለ። ኮማላ ደስ አላት፤ መንገድ የሰውየዬን ሆድ ከፈተው አለች። ፓቺያፓን ግን አንድም ጉርሻ አልወርድ አለው። ያን ሁሉ ወራት ምግብ እምቢ ብሎት አያውቅም ነበርና ገረመው።

ዐሥር ሰዓት ላይ የሜርኩሪ በር ተከፈተ። ናቴሳን እንደ ደንቡ ሸሚዙን አውልቆ ከሁለቱ ሴቶች ፊት ፊት ገባ፤ ግንባሩ ላይ የቤተ መቅደሱን አመድ ተቀብቶ ወጣ። እያወቀ መግባቱ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ የሚያውቅ ከሹፌሩ በቀር አልነበረም። ወደ ኬቱ ሲሄዱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የመኪናውን ሰዓት ያያል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መንገዱ ላይ ነበሩ፣ ከኋላ ያሊኒ ስለ ተማሪዎቿ ታወራለች። ናቴሳን ሰዓቱን በመዳፉ ሸፈነው። ፓቺያፓን ፍጥነቱን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነዳ።

ሳተርን ጋ ሲደርሱ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። እዚያ ሰው ወደ ቤተ መቅደሱ ከመግባቱ በፊት ራሱን ዘይት ተቀብቶ ከውጭ ባለው ትልቅ ኩሬ ከነልብሱ ይነከራል። ሕዝቡ ደረጃውን ሞልቶት ነበር። ናቴሳን ዘይቱን አልቀባም አለ። ሱሪና ሸሚዙን እንደለበሰ ወርዶ ከውኃው ሥር ገባ፣ እስኪያስፈራ ድረስም ቆየ። የዚያ አገር ሰው መርዶ ሲረዳ ወዲያው ከነልብሱ ይታጠባል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድ ሰው ለወንድሙ ሞት እንደታጠበ ማንም አላወቀበትም።

ሲወጣ “እናንተ ግቡ፣ እኔ ደክሞኛል” አለ።

“ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ?” አለች ኮማላ።

“ስለቱ የልጅቷ ነው። ግቡ።”

እየተገላመጡ ገቡ። ናቴሳን ውኃው እየተንጠባጠበ ፓቺያፓን ያለበት ደረጃ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

“ባትነግረኝ ዕድሜዬን ሙሉ እጠላህ ነበር” አለው። “ስለነገርከኝም ጠላሁህ።”

“ይሁን።”

“ለምን ነገርከኝ?”

ፓቺያፓን ውኃውን እያየ፣ ሚስቱ የሞተች ቀን ለሱም እንዲሁ እንደደበቁበት፣ ሲደርስ ምንም እንዳልጠበቀው ነገረው። የወንበሩን ነገር እንኳ አልተወም። ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር፤ ድምፁ ግን መንገድ እንደሚያስረዳ ሰው ነው። ናቴሳን ስሟን ጠየቀው።

“ሳሮጃ።”

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሴቶቹን ጠበቁ። ቤተ መቅደስ የማይገቡ ሁለት ሰዎች ናቸው።

መብራት ሲበራ ሴቶቹ ወጡ። የያሊኒ ፊት ፈክቷል። ቀድማ መጣችና ከአባቷ ፊት ተንበርክካ በቁራጭ ሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን አመድ ከጣቷ ጫፍ ግንባሩ ላይ ልትቀባው ስትል ራሱን አሸሸ።

“ምነው አባባ? እሺ፣ የትልቁን አባባ ለብቻው ይዤለታለሁ” አለች። “ደረቱ ላይ እቀባለታለሁ። አሁን ደውልለትና ጨርሰናል በለው፤ እየጠበቀ ነው የሚሆነው።”

ናቴሳን እጁን ልጁ ራስ ላይ አኖረ።

“አይጠብቅም ልጄ” አለ። “ጠዋት ነው የሄደው።”

ያሊኒ መጀመሪያ አልገባትም። ኮማላ ግን ወዲያው ገባት፤ ደረቷን መታችና ጮኸች። ከዚያ ልጅቷ ጮኸች። ሕዝቡ ዞሮ አየ። ሦስቱም እዚያው ደረጃው ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ያሊኒ “ትልቁ አባባ” እያለች እየጠራች፣ ኮማላ ደግነቱን እየዘረዘረች፣ ናቴሳን ድምፅ ሳያሰማ።

ፓቺያፓን መኪናውን ሊያስነሳ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ነበር። ሚስቱ ስትሞት ቤቱ ውስጥ የተለቀሰውን ለቅሶ አልሰማም፤ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። አሁን የሰው ለቅሶ ከኋላው መጣበት። በሩን ከፈተ፣ መግባት ግን አቃተው። የመኪናው ጣሪያ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ስለ ሳሮጃ አለቀሰ። ናቴሳን መጥቶ ቁልፉን ከእጁ ወሰደና ደግፎ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠው፣ እስኪወጣለትም አጠገቡ ቆመ።