የክሬኗ ጣውላ

ሰፈሩ ያወጣላት ስም «ክሬን» ነው፤ አልበዛባትም። ዕድሜዋን የፈጀችው ሆቴል ውስጥ ልብስ በማጠብ ነው። ሁለት ሰው እየተጋገዘ የሚያወጣውን ውሃ የጠገበ ብርድ ልብስ እሷ ብቻዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ እስከ ሰገነቱ ድረስ ታወጣው ነበር። ደረጃው ላይ ቆመው የሚያለከልኩትን ወጣት አጣቢዎች «እናንተ፣ ወገብ ሲታደል የት ነበራችሁ?» እያለች ታልፋቸዋለች።

አንድ ልጅ አላት፤ ቀለም ቀቢ። የሦስተኛ ፎቅ ግድግዳ ሲቀባ የቆመበት መወጣጫ ከዳውና ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ። ከእምብርቱ በታች ያለው አካሉ የሱ መሆኑን ረሳ። ሐኪሞቹ ስለ ሕብለ ሰረሰር ብዙ አስረዷት። እሷ ከዚያ ሁሉ የያዘችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጇ ከእንግዲህ የሚያነሳው ሰው ያስፈልገዋል። ማንሳት ደግሞ ታውቅበታለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቀጭን ልጅ ናት፤ ለአፏ ትሑት፣ ለሥራዋ ጨካኝ። አናጢ አስልጋ ያሠራቻት አጭር ጣውላ ነበረቻት፣ ጠርዟ የተሞረደ፣ እንደ መስታወት የለሰለሰች። አንደኛው ጫፍ ከታማሚው ጭን ሥር ይገባል፣ ሌላው ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በእጁ እየገፋ ከአልጋ ወደ ወንበር ይንሸራተታል።

«ከእንግዲህ እግርህ እጅህ ነው» አለችው።

ልጁ ሞከረ፣ ተንገዳገደና ምንጣፉ ላይ በጎኑ ተደፋ። ባለሙያዋ አላነሳችውም። «ድገመው» አለች እንጂ። በር ላይ ቆማ የምታየው እናት አንጀቷ አልቻለም፤ ገብታ ብብቱን ይዛ ብድግ አደረገችው።

«አንቺ ልጅ፣ እናት የለሽም?»

«አለችኝ እማማ። ግን እርስዎ የሌሉ ቀን ማን ያነሳዋል?»

«እኔ ደግሞ የት ልሄድ!»

አንድ ጊዜ ግን ተሳካለት። ላቡ እየተንጠባጠበ ጣውላዋን ተሻገረና ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ከወደቀ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ አልጋው ለሌላ ታማሚ ተፈለገ። ባለሙያዋ ጣውላዋን አስታቅፋ ስትሸኛቸው እናትየዋን ለብቻዋ ጠራቻት።

«በየቀኑ ይለማመድ፣ አይተውት። ቆዳውን ደግሞ አደራ። የማይሰማው ገላ ሲቆስል አይናገርም፤ እንደሱ ያለውን ሰው የሚጥለው ቁስል ነው።»

ቆዳውን በተመለከተ እንኳ አትታማም። ማታ ማታ እያገላበጠች ታየዋለች፣ ትራስ ታደርግለታለች፣ አንሶላው ላይ አንዲት ሽብሽብ አታስቀርም። በጣውላው ግን ሆዷ ባባ። ልጁ ጠዋት ሊሻገር ሲታገል ታይና ድስቷን ጥላ ትሮጣለች። «እማ ተይኝ፣ እችላለሁ!» እያለ ይጮኽ ነበር መጀመሪያ ላይ። ቀስ በቀስ ጩኸቱ ቀረ። ኋላ ራሱ «እማ፣ ነይ አንሺኝ» ማለት ጀመረ። ምን ይፈረድበታል? እግሬ አንድ ቀን ይመለሳል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ መሆኑ ሲገባው ክንዱንም ተስፋውንም አብሮ ጣለው። ክንዱ ከሳ። ወዳጆቹም መምጣት ተዉ።

ጣውላዋ ከበሩ ጀርባ አቧራ ስትጠጣ ከረመች። ክሬን ደግሞ ዕቃ ያለ ሥራ ሲቀመጥ አትወድም። አንድ ቀን መዶሻ ተበድራ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታቻትና ድስቶቿን ደረደረችባት።

«አያምርም?» አለችው።

ልጁ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለሙያዋ ደውላ «ይለማመዳል?» ስትላትም «እንዴታ!» አለቻት፣ ዓይኗን ሳታሽ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ጎረቤት ሁሉ ወደ ሥራው በሄደበት ጠዋት ክሬን ወለሉን አጥባ ባልዲውን ልታነሳ ስትል አዳለጣት። ዳሌዋ ቋ አለ።

«እማ! እማ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም፣ አንተ እንዳትንቀሳቀስ!»

ልትነሳ ሞከረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰውና የሆቴል ሸክም ያነሳ ወገብ የራሷን ገላ ማንሳት አቃተው። ተጣራች፤ የሚሰማ የለም። ስልኩ ከወዲያ ማዶ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል።

«እማ፣ ጣውላው የት ነው?»

በጀርባዋ ተንጋላ ቀና ብላ ስታይ ጣውላዋ ከራሷ በላይ ናት፣ ድስቶቹን ተሸክማ።

ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ወንበሩን ሳበና ያለ ጣውላ ሊሻገር ሞከረ። የከሳ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ወንበሩ ሸሸ፣ እሱም ሲሚንቶው ላይ ዱብ አለ። ከዚያ በክርኑ መዳኽ ጀመረ፤ የለበሳት ስስ ሱሪ ከዳሌው እየወረደች፣ እግሩ ከኋላው እየተጎተተ።

«ተው ልጄ! በናትህ ተው!»

አልተወም። ጠረጴዛው ሥር ደረሰና ስልኩን በገመዱ ስቦ አወረደው። ጫማ ሠሪው ጎረቤታቸው ዘንድ ደወለ፤ ሰውየውም መጣሁ አለ። ልጁ ግን ስልኩን አስቀምጦ እዚያው አልቀረም፤ እየዳኸ እናቱ ድረስ መጣና እጇን ያዘ። እያለከለከ ነው፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ያ ጣውላዋን የተሻገረ ቀን የሳቀው ሳቅ ፊቱ ላይ ተመልሷል።

«አየሽ እማ? መጣሁ እኮ! ብቻዬን!»

እሷ የምታየው ከኋላው ያለውን ነው። ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ እሷ ድረስ፣ አሁን ባጠበችው ወለል ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ዳሌው ተልጧል፣ ተረከዙ ሥጋው ወጥቷል። እሱ ምንም አልተሰማውም።

«የት ላይ ነው ያመመሽ?» አላት፣ አሁንም ፈገግ እንዳለ።

«የትም» አለችው፣ ዓይኗን ከወለሉ ላይ ማንሳት አቅቷት።