አባየ ጋቢያቸውን የዘረጉበት ምሳ

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ጥግ ካለ ምግብ ቤት ተቀምጬ ያዘዝኩት ዓሣ እስኪደርስ ውሃውን እያየሁ ነበር። ከማድ ቤቱ የትኩስ ዘይትና የሎሚ ሽታ ሲመጣ፣ አስተናጋጇ ፀሐዩ እንዳያስቸግረኝ ብላ መጋረጃውን ልትስብ እጇን ሰደደች። «ተይው!» አልኳት፤ ድምፄ ለራሴም ከበደኝ። ልጅቷ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቤት የገባሁት ጋቢ ይዤ ለመጋረድ ነው ብላት ማን ያምነኛል።

ቤታችን ከደምበጫ ወጣ ብሎ ነበር። አባየ የደብሩ ቄስ ነበሩ፤ ቀድሰው ሲመለሱ ደግሞ ሞፈር ይጨብጣሉ። በእኛ አገር ሰው እያየ መብላት ነውርም አደጋም ነው፤ የሰው ዓይን ከጉርሻ ጋር አብሮ ይገባል ተብሎ ይፈራልና መንገድ ላይ እህል የሚቀምስ ሰው ነጠላ ወይም ጋቢ ይጋረድለታል። አባየ ይሄ መጽሐፍ ላይ የለም እያሉ ይገስጹ ነበር፤ ይበሉ እንጂ ገበያ ውለን ቆሎ ስንቆረጥም እንኳ ወገባቸውን ይዘው ፊታችን ላይ ግጥም ብለው ይቆሙ ነበር። ምግብ ቤት ገብቶ መብላትማ ለእሳቸው ዘመድ ያጣ ሰው ኑሮ ነው።

እማየ ግን የውሃ ዳር ልጅ ናት። ዘጌ በኩል፣ ሐይቁ ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት ቤት ነው ተወልዳ ያደገችው። ተድራ እኛ አገር ስትመጣ ዓሣ ምኑ ይበላል የሚሉ አማቶች ገጠሟትና ነገሩን በሆዷ ይዛው ኖረች። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ታመመች፤ እህልም ከአፏ ተለየ። አባየ ጠበል አስጠመቋት፤ ማር አሉ፣ ወተት አሉ፣ ዶሮ አሳረዱ፤ ሁሉንም በአፏ ዳር አድርጋ ትመልሰዋለች። ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ስንመላለስ ከረምን። አንድ ቀን ሐኪሙ አባየን ለብቻቸው ጠርቶ፣ ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን አያቆማትም አላቸው። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ምን እንደሚያምራት ጠየቋት። ዓሣ አለች፤ ያውም ውሃ ዳር ሆና።

እዚያው ፍኖተ ሰላም፣ ላህ ወንዝ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ባለች ትንሽ ምግብ ቤት አንዲት ሴትዮ ከባሕር ዳር በጧት አውቶቡስ የሚመጣላትን ዓሣ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። አባየ ቀኑን አሰቡ፤ ሐሙስ ሆነባቸው፤ በጾም እንኳ ማሳበብ አልቻሉም። በጋሪ ሄድን። ሾፌሮችና አስተማሪዎች አግዳሚውን ሞልተውት ነበር፤ ጥምጥም ያደረጉ ቄስ የታመመች ሚስታቸውንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን አስከትለው ሲገቡ ሁሉም ዞሮ አየን። አባየ ላብ በላብ ሆኑ። ዓሣው ጀርባው ተተልትሎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ከሎሚና ከአዋዜ ጋር ቀረበ፤ ቀረበና አባየ ጋቢያቸውን አወለቁ። አንዱን ጫፍ እኔና እህቴ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘን እማየን ከነሰሃኗ ዙሪያዋን አጠርናት። አንዴ ጎረሰች፤ ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«ምነው፣ አልጣመሽም?» አሉ አባየ። እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼባቸው አላውቅም።

«ኧረ ይጣፍጣል። ወንዙን እኮ ጋረዱብኝ። ዓሣውንማ ቤት ድረስም ያስመጡልኝ ነበር።»

አባየ ቀና አሉ። ሰዉን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ የያዝነውን ጫፍ ተቀበሉንና ከኋላዋ ዞሩ፤ ጀርባቸውን ለሰዉ ሰጥተው፣ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ቆሙ። ወንዙ ተገለጠላት። እማየ በላች። ጥልፍ እንደሚጠልፍ ሰው ቀስ ብላ፣ እሾሁን በጣቷ እየለቀመች፣ ጭንቅላቱን ሳይቀር እየመጠጠች፣ ውሃውን እያየች በላች። ስለ ታንኳ፣ አባቷ ስለሚጥሉት መረብ፣ በልጅነቷ ሐይቁ ስለወሰደባት ነጠላ አወራችን፤ ያን ያህል ስታወራ ሰምተናት አናውቅም ነበር። በመሐል አንድ ገበሬ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ብሎ መጣ፤ የአባየ ሁለት እጅ ተይዟልና በቃል ብቻ ባርከው ሸኙት፤ ሰውየው ግራ ገብቶት እየዞረ እያየ ሄደ። ክንዳቸው ሲዝል እህቴ ልትረዳቸው ብትነሳ ራሳቸውን ነቅንቀው መለሷት። እማየ ሌላ ዓሣ እስክትጨምርና እጇን እስክትታጠብ ድረስ ጋቢው አልወረደም።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ እግዜር ያጥናዎ ሲላቸው አባየ የሚመልሱት አንድ ነገር ነበር፤ «አንድ ቀን ጠግባ በልታለች፤ እኔው ራሴ ቆሜ አይቻለሁ።» ደጋግመው ሲሉት ሰዉ ኀዘኑ አእምሯቸውን ነክቷቸው ይሆን ብሎ ይተያይ ነበር። እኔና እህቴ ግን እናውቃለን። ዛሬ እሳቸውም ከጎኗ ናቸው፤ በዚያው ጋቢ ገንዘን ቀበርናቸው። የላህ ዳሯ ቤትም ፈርሳ ቦታው ታጥሯል፤ ማንጎው መቆረጡን ባለፈው ሳልፍ አየሁ።

ዓሣዬ መጣ። አስተናጋጇ መጋረጃውን እንደተወችው ነው፤ ሐይቁ እስከ ዳር ድረስ ይታየኛል። ሎሚውን ጨምቄ አንዴ ከጎረስኩ በኋላ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ስበላ ያዩኛል፤ ማንም አልቆመልኝም።